ሰባት ሰዓት የሚቀድመን አገር

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የእህቴ ልጅ ከአውስትራሊያ በምስል ደወለልን። አሶሳ ፀሐዩ ከረር ብሎ ስለነበር ወንበር አውጥተን ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠናል። ትንሿ ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እስቲ ውጭውን አሳየን» አለችው። እሱም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረው። መስኮቱ ጥቁር ነበር፤ ከሩቅ አንድ የመንገድ መብራት ብቻ ይታያል። «እዚህ መሽቷል፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ቀንና ሌሊትን በአንድ ስልክ ማየት ለእነሱ ጨዋታ ነው። እኔን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አውቃለሁ። ትንሿ ልጄ «ምነው እማዬ?» ስትለኝ «ምንም» ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ለባሌም ቢሆን ሙሉውን ነግሬው አላውቅም። አሁን ልጻፈው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ እኔም በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለመጣሁ አሶሳን በእግሬ ረገጥኩ ማለት አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር መናኸሪያው አጠገብ ካለ ስልክ ቤት ተቀጠርኩ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። ባለቤቱ ጋሽ ቶሌራ ይባላሉ፤ የወለጋ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓቶች ሰቅለው ከሥራቸው በቀይ እስክሪብቶ «አሶሳ»፣ «ሎንዶን»፣ «አውስትራሊያ» ብለው ጽፈዋል። ሦስቱም በእኛ አቆጣጠር የተሞሉ ናቸው። አውስትራሊያ ሰባት ሰዓት ይቀድመናል። እኛ ዘንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ብርቱካን በሻማ ዙሪያ እያሽከረከሩ።

ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሌላው መነጋገሪያ በኮምፔንሳቶ በተከለለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ አለ። ሲደወል እኔ አነሳለሁ፣ ባለ ጉዳዩ ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ ሲያነሳ እኔ አስቀምጣለሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ጋሽ ቶሌራ ዘንድ ነውር ነበር። ከአገር የሚወጣ ወጣት ሁሉ የስልክ ቤታችንን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይይዛል፤ ቤተሰቡ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ አግዳሚ ወንበራችን ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እማማ ሐዋ ከነዚህ አንዷ ነበሩ። ከሆሞሻ የሚመጡ ረጅም የበርታ ሴት ናቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ሦስት ሦስት የጠባሳ መስመር አለ። የደረቀ ባሚያ፣ በወቅቱ ደግሞ ማንጎ ይዘው ይመጣሉ። አማርኛቸው ውስጥ «አንቺ» የሚባል ቃል የለም። እኔንም «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉኝ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ በዐረብኛ «ያ ቢንቲ»፣ ልጄ ሆይ እንደማለት።

ሁለት ወንዶች አሳድገዋል። አንዱ የወለዱት ኢብራሂም ነው። ሌላው ሙሳ፣ እናትና አባቱ የሞቱበት የጎረቤት ልጅ፣ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ከኢብራሂም ጋር በአንድ ሰሌን ላይ ያስተኙት። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁለቱም በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። ዓመት አለፈ፤ ድምፃቸው አልተሰማም።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። አንድ ወጣት የሆሞሻዋን ሐዋን ከገበያ እንድናስጠራለት ለመነ። አስጠራናቸው፤ እየሮጡ መጡ። ከሳጥኗ ሲወጡ ፊታቸው እንባ ብቻ ነበር፤ ግን አፋቸው ይስቃል። ኢብራሂም በሰላም አውስትራሊያ ገብቷል፣ ሙሳ ግን መንገድ ላይ ሞቷል። በአንድ ዓይናቸው ለአንዱ፣ በሌላው ለሌላው አለቀሱ። በሳምንቱ ሆሞሻ ላይ ለሙሳ ሰደቃ አወጡ፤ ፍየል ታረደ፣ ቁርኣን ተቀራ፣ መንደሩ ሁሉ መጥቶ አስተዛዘነ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢብራሂም ይደውላል። እማማ ሐዋ የአውስትራሊያን ሰዓት ከእኔ ተማሩ። በጣታቸው እየቆጠሩ ሰባት ይደምራሉ፤ ከዚያ በኋላ በሁለት አገር ሰዓት መኖር ጀመሩ። የሆሞሻ ሰዎች ይህን በመገረም ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ ልጆች ሲጫወቱ «ዝም በሉ፣ ኢብራሂም ሊተኛ ነው» ይሏቸዋል። እኛ ልንተኛ ስንል ደግሞ ለእሱ ይነጋለታልና ገንፎ ገንፍተው የእሱን ድርሻ በቅል ያስቀምጣሉ ይባላል።

እሱ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር የሚደውለው። እናቱ ዕቃቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እስኪገቡ ድረስ ከእኔ ጋር ያወራል። «እዚህ መሽቷል» ይለኛል። «ሰው ሁሉ ተኝቷል።» ዝግ ያለ፣ ሰው ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ዓይነት ድምፅ ነበረው። በሐምሌ እዚያ ብርድ ነው፣ በታኅሣሥ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ባሕር ይገባል ይለኛል። በግ ከሰው ይበዛል። ጨረቃዋ ተገልብጣ ነው የምትወጣው። የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ሥራውን የሚጨርሰው ሲመሽ ነው። እኔም ስለ እኛ ነገርኩት፤ ዝናብ ሲጥል ገበያተኛው እንዴት እንደሚበተን፣ የቀርከሃ ቀንበጥ ቀቅለው የሚሸጡት ሴቶች የት ጥግ እንደሚቀመጡ። ሁሉን ነገር በረሃብ ነበር የሚጠይቀኝ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ምን እደብቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን መሠራት ጀምሬ ነበር። በስልክ ለሚያወራ ሰው!

ጋሽ ቶሌራን ስለ ጨረቃዋ ጠየቅኳቸው። መጽሐፍ ገልጠው «እውነቱን ነው» አሉኝ። ግን አንድ ቀን መነጽራቸውን እያወለቁ እንዲህ አሉ፦ «ከሎንዶን ሲደወል ድምፁ ዞሮ ይመለሳል፣ ያስተጋባል። ይኸ ልጅ ግን ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።» እኔም ያን አስተውዬ ነበር። ድምፁ ቅርብ ነው። ከኋላው ደግሞ አንዳንዴ ዱግ ዱግ ዱግ የሚል ነገር ይሰማኛል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ባቡር ነው» አለኝ። በሌሊት የሚሄድ ባቡር፣ በውስጡ የተኙ ሰዎች፣ መብራት የተለኮሰበት መስኮት... በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተሳፈርኩበት።

ማንጎ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ ላይ፣ እማማ ሐዋ ዘገዩ። ከሆሞሻ የሚመጣው መኪና ጭቃ ውስጥ ተይዞ ነበር። ኢብራሂም ዘጠኝ ላይ ሲደውል ገና እንዳልመጡ ነግሬው ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲሞክር ተስማማን። አሥር ሰዓት ገደማ እሳቸው ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ደረሱ፤ ወዲያው ስልኩ ተደወለ። ሳጥኗ ውስጥ ገቡ።

እኔ መነጋገሪያውን አላስቀመጥኩም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በርታኛ አልሰማም፣ ወሬያቸውን ፈልጌም አልነበረም፤ ድምፁን ትንሽ ልስማ ብዬ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት የዐስር አዛን ተሰማ። የመስጊዳችን ሙአዚን ደረታቸውን የሚታመሙ አዛውንት ነበሩ። ሁልጊዜ «ሐይየ ዐለ ሰላሕ» ካሉ በኋላ ቆም ብለው ሁለት ጊዜ ይስላሉ፤ በድምፅ ማጉያው ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፣ የለመደውም ነው። ያን ቀንም ሳሉ። በግራ ጆሮዬ፣ በተከፈተው በር በኩል ሰማሁት። በዚያው ትንፋሽ በቀኝ ጆሮዬም ሰማሁት፤ በስልኩ ውስጥ፣ ከበሩ ከመጣው ይልቅ ጎልቶ፣ ቀርቦ።

ዓይኔ ወደ ሦስተኛው ሰዓት ሄደ። አውስትራሊያ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይላል።

መነጋገሪያውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት። እማማ ሐዋ ከሳጥኗ ወጥተው ፈገግ እያሉ «ኢብራሂም ሊተኛ ነው፣ ደክሟል» አሉኝና ሁለት ማንጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ያንን ማንጎ መብላት አልቻልኩም።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ይህ ድምፅ የማን ነው? መንደራችን ውስጥ የሞተን ሰው ድምፅ አስመስሎ ስለሚጠራ ነገር ልጅ ሆነን ሰምተናል፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ካልተጠራሽ አቤት አትበይ ትለን ነበር። ሐሙስ ዕለት ቤት ሄጄ እራት ላይ አባቴ ለወንድሜ «ነገ ማሽላውን ወደ ባቡር ውሰደው» ሲለው ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። በአባቴ አገር አነጋገር በሞተር የሚሠራ ወፍጮ «ባቡር» ነው። አሶሳም ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚጠራው። ልጁ ዋሽቶኝ እንኳ አልነበረም።

በመስጊዱ ጀርባ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር፤ የድምፅ ማጉያው አፍ ፊት ለፊት የሚያየው እሱን ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ቶሌራ ስልኩ ጋ እንዲቀመጡልኝ ራሴን አመመኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከጎኑ የዱቄት መጋዘን አለ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ አየሁ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ ዱቄት ነው፣ ነጭ፣ ቅንድቡ ሳይቀር። የወፍጮ ቤቱን ባለ ገመድ ስልክ ይዟል፤ ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት መደብ ቁጥሮች ተጽፈዋል፣ የእኛ ሰዓትና የዚያኛው። በዚያ በማውቀው ዝግ ያለ ድምፅ በበርታኛ እያወራ ነበር። ውጭ ቀትር የመሰለ ፀሐይ አለ፤ እሱ የሚያወራው ሌሊት ውስጥ ነው። ሲጨርስ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ተሰናበተ፣ ስልኩን አስቀመጠና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«እዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ዞረ። በነጩ ፊት ላይ ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ የሰው የሚመስሉት። ድምፄን ለየው።

«ዘሀራ ነሽ» አለ።

«አንተስ ኢብራሂም ነህ?»

«ኢብራሂም የለም። እኔ ሙሳ ነኝ።»

ሙሳ፤ ፍየል የታረደለት፣ ቁርኣን የተቀራለት። ግድግዳውን ያዝኩ። እሱ ሊደግፈኝ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ ያንን እጅ መንካት ፈራሁ። ጆንያ ላይ ተቀመጠና ሲጨንቀው እንደ እማማ ሐዋ ሴትና ወንድ በሚያደባልቅ፣ በተሰባበረ አማርኛው ነገረኝ።

ከካርቱም ወደ ሊቢያ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ነበር። በረሃው መካከል ኢብራሂም ታመመ፤ ትኩሳት፣ ከዚያም መናገር አቃተው። ሾፌሩ አልጠብቅም አለ። ሙሳ አንድ የተገለበጠ አሮጌ መኪና ጥላ ሥር አስተኛው፣ ግማሽ ጀሪካን ውሃ አጠገቡ አኖረ፣ ተመልሶም መኪናው ላይ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ድንበሩ ላይ ተይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ በሌላ መንገድ። ቦታውን ዳግም አላየውም።

«ሞቶ ነበር?» አልኩት።

«አይንቀሳቀስም ነበር።»

«ቀበርከው?»

መሬት መሬት አየ። «ዓይኑ ክፍት ነበር» አለ።

አሶሳ ሲደርስ ሆሞሻ ለመግባት እግሩ እምቢ አለው። በስልክ ልንገራት ብሎ ወደ እኛ ደወለ። «እሷ ‹ኢብራሂም!› አለ። አለቀሰ፣ ሳቀ። እኔ አይደለሁም ማለት አቃተኝ። ከዚያ ‹ሙሳስ?› አለ። አንዱ መሞት ነበረበት። እኔ ሞትኩ።»

ቅርብ አገር ነኝ ቢላቸው ና ይሉታል፤ ስለዚህ ከሚያውቀው ሁሉ የሚርቀውን አገር መረጠ። ከስደተኞች ካምፕ ሰዎች ስለ አውስትራሊያ እየጠየቀ አጠና። ወፍጮ ቤቱ ተቀጥሮ እዚያው ያድራል፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው በገበያ ቀን ከመጋዘኑ አይወጣም። በሰደቃው ዕለት ግን ሆሞሻ ድረስ ሄዶ ቀርከሃው ውስጥ ተደብቆ ሲለቀስለት ሰምቷል።

ማዘን ነበረብኝ፤ ግን የተሰማኝ ንዴት ነበር። ንዴቱ ደግሞ ሁሉም ስለ እማማ ሐዋ አልነበረም፤ ስለ ራሴም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ያልመሸ ሌሊት፣ ያልነበረ ባሕር፣ የተገለበጠች ጨረቃ ተሸክሜ ነበር። «እስከሚመጣው ቅዳሜ ትነግራቸዋለህ፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ወጥቼ ሄድኩ። ልብሴ ላይ ዱቄት ነበር፤ መንገድ ላይ ሳራግፈው ሰው ያየኝ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። እማማ ሐዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሦስተኛውን ሰዓት ያያሉ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። «ተኛ ይሆናል» አሉኝ፣ ራሳቸውን ለማጽናናት። ከዚያ የበሩ ብርሃን ጠፋ። ሙሳ ደፉ ላይ ቆሟል። ታጥቧል፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሷል።

እማማ ሐዋ አልጮኹም። ቀና ብለው አዩት፣ ለረጅም ጊዜ። ጋሽ ቶሌራ ሊነሱ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ሙሳ መጥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ እሳቸው እጁን አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ ሙቀቱን የሚለኩ ይመስል። ከዚያ በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቁ። እሱ መለሰ። ደግመው ጠየቁ። ከሁሉም የገባኝ ሁለቱ ስሞች ብቻ ናቸው። እማማ ሐዋ የሙሳን እጅ ግን አልለቀቁም።

ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ቢንቲ፣ አሁን እዚያ ሌሊት ነው?» አሉኝ።

«እዚያ» የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ተነሡ፤ ባሚያቸውን ጥለው፣ ሙሳን በእጁ እየሳቡ፣ ወደ ሆሞሻ መኪና ሄዱ። ገበያው ውስጥ ያዩዋቸው የሆሞሻ ሰዎች ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዲት ሴት የያዘችው ማንጎ ከእጇ ወድቆ ሲንከባለል እስካሁን ይታየኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለልጆቼ ድሮ በነገርኳቸው ነበር።

ሦስት ወይም አራት ሳምንት አለፈ። ሐምሌ ገብቷል፤ ያን ቅዳሜ ግን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጋሽ ቶሌራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ሄደዋል። አግዳሚው ላይ ሰው የለም። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰው ስላጣሁ ደስ ብሎኝ አነሳሁ።

መጀመሪያ ድምፅ የለም። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰማሁት። ሌሊት ነበር። እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም፤ የሌሊት ፌንጣ ይጮኻል፣ ከሩቅ አንድ ውሻ፣ ሰፊና ባዶ የሆነ ዝምታ። መንገዱ ላይ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፣ አህዮች ያልፋሉ፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ድምፁ ዞሮ ይመለሳል፣ ያስተጋባል። ሰው ይተነፍሳል።

«ሃሎ» አልኩ።

«እዚያ ቀን ነው?» አለ አንድ ወንድ።

አማርኛው የእኛ አካባቢ ሰው አማርኛ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ አፉን ያልከፈተ ሰው ድምፅ። የሙሳ አልነበረም።

«አዎ» አልኩት። «ቀን ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ስሙን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ተቋረጠ።

እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልደወለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሳ ባሚያ ሊሸጥ ሲመጣ ደውሎ እንደነበር ጠየቅኩት። ሆሞሻ ውስጥ ስልክ ከየት አምጥቼ፣ አለኝ። ለምን እንደጠየቅኩት ሲጠይቀኝ «ዝም ብዬ ነው» አልኩት። እማማ ሐዋ በዚያው ሰሞን ለኢብራሂም ሰደቃ አውጥተው፣ አልቅሰው፣ ትንሽ ዕረፍት አግኝተው ነበር። በዚያ ላይ ምን ይዤ ልሂድ? የአንድ ሰው ትንፋሽ? ቁጥር ተሳስቶ የደወለ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ቁጥር በስንት ወጣት ኪስ ውስጥ ነበር። እንዲህ እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስልኩ አልራቅኩም፤ ከዚያ ስልክ ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም አገባሁ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈትኩ፤ ጋሽ ቶሌራም ወደ ወለጋ ተመልሰው እዚያው ዐረፉ።

ሙሳ ሆሞሻ ቀረ። እርሻውን ያዘ፣ ማንጎ ተከለ፣ አግብቶ ወለደ፤ የመጀመሪያ ልጁን ኢብራሂም አለው። እማማ ሐዋን እስከ መጨረሻቸው የጦራቸው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ተበትኖ ሁለታችን ሰሌን ላይ ስንቀር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸው ከሌሉ የሚጎዳ የለም ብዬ ይሆናል፣ ነገርኩት። ፂሙ ሸብቷል። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አንቺ ምን አልሽው?» አለ።

«ቀን ነው አልኩት።»

«ጥሩ ነው» አለ። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ከወር በፊት ሚስቱ ሱቄ ድረስ መጣች። ትልቅ ሰው ናት፣ አትጮኽም። ባሏ እርሻውን ለልጆቹ ትቶ በየሳምንቱ ወደ ኩርሙክ መንገድ እንደሚወጣ ነገረችኝ። የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተው ከወዲያ ማዶ የሚገቡት ሰዎች ጋ ይሄዳል። ፎቶ የለውም፤ ወንዶቹን አንድ በአንድ እያየ ኢብራሂም የሚባል የሆሞሻ ሰው ታውቃላችሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለችኝ። ለባሏ የነገርኩትን ለእሷም ደገምኩላት። «ድምፁ የታመመ ሰው ነበር ወይስ የጤነኛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነበር። አላወቅኩም።

ሰው ዝም ቢልም ይጎዳል፣ ቢናገርም ይጎዳል፤ የትኛው እንደሚያንስ በዚህ ዕድሜዬም አልለየሁም። ሙሳ ከመንገድ ሲመለስ አሶሳ ካለፈ ሱቄ ጎራ ይላል። ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ቆሞ ይጠጣል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቅና ይሄዳል። ለሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ሱቁን እንድትጠብቅልኝ ነግሬያታለሁ። አብሬው እሄዳለሁ። እሱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት የኢብራሂምን ፊት ሊረሳው ይችላል፤ በስልኩ የመጣውን ያን ድምፅ የሰማሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።